የልብ ቀዳዳ ያለባት የ4 ወር ልጅ፦ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ 1,900 ምን ማለት ነው?

እናት ከደሴ
ልጄ በሁለቱ የታችኛው ልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ እንዳለባት በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ታውቋል። ስትጠባ ግንባሯን ያልባታል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ ክብደቷም አልጨምር ብሏል። ትናንት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የሚባል የደም ምርመራ ተደርጎላት 1,900 መጣ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከ125 በታች» ነው። አሥራ አምስት እጥፍ! ሐኪሟን የማገኘው ሰኞ ነው። ልቧ ደከመ ማለት ነው?

የሕፃናት ልብ ክፍል ነርስ
እህቴ፣ ያንን 125 ተዪው፤ ለአዋቂ የወጣ ወሰን ነው። ይህ ንጥረ ነገር የልብ ጡንቻ ሲወጠር ወደ ደም የሚለቀቅ ነው። ጤነኛ ሕፃን እንኳ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሺዎች ይቆጠርበታል፤ ከዚያ በፍጥነት ይወርዳል።

ላባብልሽ ግን አልፈልግም፤ 1,900 ለ4 ወር ልጅም ከፍ ያለ ነው። ደሙ በቀዳዳው ከግራ ወደ ቀኝ እያለፈ ሳንባዋን ስለሚያጨናንቀው የግራ ልቧ ሥራ በዝቶበታል፤ ላቡና የክብደቱ አለመጨመርም ይህንኑ ይናገራሉ። ቢሆንም ቀዶ ጥገናን የሚያስወስነው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ኤኮው፣ የክብደት ካርዷና አተነፋፈሷ አብረው ይታያሉ። ኩላሊት ሲቸገርም ቁጥሩ ስለሚጨምር ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) መለካቱን ጠይቂ።

መጥባት ካቆመች፣ ካቃሰተች ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ሰኞን አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ውሰጃት።

አባት ከሐዋሳ
የእኔ ልጅ ሕመሙ ሌላ ነው፤ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት፣ ከንፈሩ የሚጠቁርበት ዓይነት። ሄሞግሎቢኑ 18 ሲመጣ ዘመዱ ሁሉ «ደሙ ሞልቷል» አለን። ፌሪቲን ሲለካ ግን የብረት ክምችቱ ተሟጦ ተገኘ! ኦክስጅን ሲያንሰው ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፣ ለዚያም ብረት ይጨርሳል። እንደ እኔ ልጅ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ሄሞግሎቢን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ፌሪቲንም አስለኩ።

እናት ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ቁጥሩ መውረዱን በምን አውቃለሁ?

የሕፃናት ልብ ክፍል ነርስ
ከተቻለ እዚያው ላቦራቶሪ ይደገምላት፤ የምርመራውንም ስም አረጋግጪ። ቢኤንፒ የሚባልም አለ፣ የሁለቱ ቁጥር አይወዳደርም። ዋናው ነገር ልጅቷን ከራሷ ጋር ማስተያየት ነው። የዛሬውን ወረቀት ከኤኮው ጋር አያይዘሽ ሰኞ ይዘሽው ሂጂ።