የ2ኛ ክፍል ልጆች ባር ግራፍ ይሥላሉ፣ ማንበቡ ግን አስቸገራቸው

የ2ኛ ለ መምህርት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ክፍሌ ውስጥ 48 ልጆች አሉ። ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ባር ግራፍ በደብተራቸው አሳምረው ይገለብጣሉ። «ብርቱካን የሚወዱት ስንት ናቸው?» ሲባሉም ይመልሳሉ። «ሙዝ ከሚወዱት በስንት ይበልጣሉ?» ስላቸው ግን፣ ብርቱካን 9 ሙዝ 5 ሆኖ ሳለ፣ መልሳቸው 9 ነው። በሥዕላዊ ግራፍም «አንድ ሥዕል 2 ልጆችን ይወክላል» ብዬ ብጽፍ ሥዕሎቹን ብቻ ቆጥረው ይጨርሳሉ። ያለኝ ሰሌዳ፣ ጠመኔና ደብተር ነው፤ ፎቶ ኮፒ የለም። ከየት ብጀምር ይሻላል?

ባለ ቆርኪው፦
እህቴ፣ ለጊዜው ደብተሩን አስዘጊያቸው። ሌላ ሰው የሠራውን ግራፍ የሚገለብጥ ልጅ አንዷ ካሬ አንድ ልጅ መሆኗን የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። መጀመሪያ መሬት ላይ በቆርኪ ይሥሩ።

12፣ 12 እያደረግሽ በ4 ቡድን ክፈያቸው። ለእያንዳንዱ ቡድን ሲሚንቶው ላይ ከአንድ መነሻ መስመር የሚነሱ 4 ዓምዶች በጠመኔ አስምሪ። ዓምዶቹ በእኩል ካሬዎች ይከፋፈሉ፤ የካሬው ጎን አራት ጣት ያህል ይበቃል። ጥያቄው «ዛሬ ትምህርት ቤት በምን መጣችሁ?» ይሁን፦ በእግር፣ በባጃጅ፣ በታክሲ፣ በሌላ። «በሌላ» ከሌለ በአባቱ ሞተር ሳይክል የመጣው ልጅ ቆርኪውን ይዞ ይቆማል። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጣል። ጠቅላላው 12 መሆን አለበት፤ 13 ከሆነ አንዱ ደግሟል ማለት ነው፣ ራሳቸው ይፈልጉት።

ካሬዎቹን እንዳትዘያቸው። ያለ ካሬ ከተደረደረ፣ ተራርቀው የተቀመጡ 5 ቆርኪዎች ከተጠጋጉ 7 ቆርኪዎች ይረዝማሉ፤ ልጆች ደግሞ የሚያምኑት ርዝመቱን ነው። እንዲያውም ሆን ብለሽ እንዲህ ደርድሪና «የትኛው ይበዛል?» በያቸው። ሲከራከሩ ካሬው ለምን እንዳስፈለገ ይገባቸዋል።

ወደ 9 እና 5 ስመለስ፣ ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አድርጊ። ልጁ ከመነሻው መስመር ጀምሮ ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ እያጣመረ ያንሳ። «ጓደኛ ያጣ ስንት ቀረ?» ብትዪ 4 ይልሻል። በዚህ አጠያየቅ ደጋግመሽ ካለማመድሽ በኋላ «በስንት ይበልጣል» ወደሚለው እለፊ። 9 የሚሉሽ መቀነስ አቅቷቸው አይመስለኝም፤ «የበለጠው ስንት ነው?» የተባሉ እየመሰላቸው ነው።

ካሬ ደብተር፦
በተባለው እስማማለሁ። ከቆርኪው ወደ ባር ግራፍ ሲያሸጋግሯቸው ግን ቁጥሩ የሚጻፍበትን ቦታ ይጠብቁ። በቆርኪው ጊዜ ቁጥሩ የካሬው ነበር፤ በባር ግራፍ ቁጥር የሚጻፈው በመስመሩ ትይዩ ነው። ይህን ለውጥ ማንም ስለማይነግራቸው ግማሹ ክፍል ቁጥሩን ካሬው መሃል ይጽፋል።

ሌላው ስህተት መነሻው መስመር ላይ 1 መጻፍ ነው። እንዲህ ሲሆን 2 የአንድ ካሬ ቁመት፣ 4 ደግሞ የሦስት ካሬ ቁመት ያገኛሉ። ስለዚህ እጥፍ የነበረው ሦስት እጥፍ መስሎ ይታያል። ከሁሉ በፊት 0 ያጽፏቸው። ባሩ 2 ካሬ ስፋት፣ ክፍተቱ 1 ካሬ ቢሆን ለማንበብ ይመቻል። ማንም ያልመረጠው ዓይነት ስሙ ከታች ተጽፎ ባዶውን ይቀመጥ፤ ልጆች «ምንም የለውም» ብለው ሊያጠፉት ይቸኩላሉ፣ ዜሮም መረጃ ነው።

ለሥዕላዊው ግራፍ ደግሞ አንድ ለአንዱን ሳይጠግቡ ወደ «2 ይወክላል» አይሂዱ። መጀመሪያ ቦታው ይጥበባቸው፦ 48ቱን ልጆች በአንድ ገጽ ይሥሩ ብለው ያዟቸውና በእግር የመጡት ዓምድ ከገጹ ሲወጣ «ምን ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ ክብ ሥለው በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ 2 ቆርኪ ያስቀምጡ፣ 2፣ 4፣ 6 እያሉ ይቁጠሩ፣ በመጨረሻ ቆርኪው ተነስቶ ክቡ ብቻ ይቅር። አንድ ከተረፈ ግማሽ ክብ ይሣላል። የሰው ሥዕል ግን ይተው፤ ግማሽ ሰው ሲሣል ትምህርቱ ሳቅ ሆኖ ያልቃል። ከ2 በኋላ ወደ 10 መሄድ ከ5 ይቀላል፣ ምክንያቱም የ10 ግማሽ 5 ነው፤ የ5 ግማሽ ግን ለዚህ ዕድሜ ጣጣ ነው።

ሰሌዳና ጠመኔ፦
ብርቱካንና ሙዙን ብትተዪው እመርጣለሁ። ልጆች እጅ የሚያወጡት ጓደኛቸውን አይተው ነው፤ መልሱም የሚፈተሽበት መንገድ የለውም። የአየር ሁኔታን መዝግቡ። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ (ጳጉሜን ሳይጨምር) ድምሩን ልጆቹ ራሳቸው ያጣራሉ። ዓይነቶቹ ፀሐይ፣ ደመና፣ ዝናብ ይሁኑ፤ ቅዳሜ፣ እሁድና በዓላት «አልተመዘገበም» ውስጥ ይግቡ። የምታዩበት ሰዓት አንድ ይሁን፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ካልሆነ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ከሰዓት በዘነበ ቀን ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጭረት፤ አምስተኛው በአራቱ ላይ ይጋደማል። አምስት ቁመው ስድስተኛው የሚጋደምበት ስህተት የተለመደ ነው፣ በየሳምንቱ ተመልከቺው።

የ2ኛ ለ መምህርት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ይህ ሁሉ ስንት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል? 48 ልጅ ይዤ መሬት ላይ መሥራቱ ያስፈራኛል።

ባለ ቆርኪው፦
በ40 ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ያዢ። የመጀመሪያው ቀን ማስቀመጥና መቁጠር፣ ሁለተኛው ማጣመር ይሁን። በሦስተኛው ያንኑ ወደ ደብተር ይገልብጡ፤ አሁን የሚገለብጡት የራሳቸውን ነው። መስመሩን ከእረፍት በፊት አስምሪው፣ እነሱ እያሉ ካሰመርሽ 15 ደቂቃ ይበላብሻል። ሁለት ቡድን መሬት ላይ ሲሠራ ሁለቱ በክፍል ውስጥ ጭረት ይለማመዱ። ሲጨርሱ ደግሞ «አንድ ልጅ አርፍዶ በባጃጅ ቢመጣ የቱ ዓምድ ይለወጣል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ገብቷቸው እንደሆነ ከሥዕሉ ይልቅ በዚህ ታውቂያለሽ።