ለስትሮክ የካቴተር ጥናት ቅጽ ላይ ምን ይግባ?

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ትልቁ የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ የረጋውን ደም በካቴተር (በደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ስለማውጣት ለሚደረግ ጥናት የመመዝገቢያ ቅጽ እያረቀቅን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጡት ሦስት ጥናቶች ጥቅም አላሳዩም፤ የ2015ቶቹ አምስቱ አሳዩ። ልዩነቱ ምን ነበር? ቅጹስ ላይ ምን እናስገባ?

መልስ 1
ዋናው የሕሙማን አመራረጥ ነው። ከ2013ቶቹ አንዱ በሆነው አይኤምኤስ 3 ላይ ብዙዎቹ ደም ስራቸው መዘጋቱ በሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ስርን በሚያሳይ የሲቲ ምስል) ሳይረጋገጥ ነው የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኙ ዕጣ የወጣላቸው። የሚወጣ የረጋ ደም ከሌለ ካቴተር ምን ይሠራል? መሣሪያውም የድሮው ነበር። ከ2015ቶቹ አንዱ የሆነው የኔዘርላንድሱ ኤምአር ክሊን 500 ሕሙማንን መዘጋቱን በምስል እያረጋገጠ አስገባ፣ ባብዛኛው በስቴንት ሪትሪቨር (የረጋውን ደም ይዞ በሚያወጣ የሽቦ መረብ) ሠራ። በ90 ቀን ራሳቸውን የቻሉት ካቴተር ከተመደበላቸው 32.6 በመቶ፣ ካልተመደበላቸው 19.1 በመቶ ሆኑ። አንጂዮግራፊ ያልተነሳ ዕጣ ውስጥ አይግባ። ያልገቡትንም ከነምክንያታቸው መዝግቡ።

መልስ 2
እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ቤተሰብ “ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወደቀ” ይላል፤ በፈረንጅ 4፡00 ነው። የሲቲ ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቅጹ ላይ 10፡00 ተጽፎ ሲቲው 11፡30 ካለ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ያለፈው ሰው አንድ ሰዓት ተኩል መስሎ ይገባል። በአገራችንና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት፣ የመግቢያ ገደባችሁም 6 ሰዓት ከሆነ አንድ ስህተት ሰውየውን ያስገባዋል ወይ ያስወጣዋል። ሁለት ሳጥን አድርጉ፦ አንዱ ቤተሰብ እንደተናገረው፣ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ ወይም ሌሊት ከሚል ምልክት ጋር፤ ሌላው ተቀይሮ። ከእንቅልፉ ሲነሳ የተገኘበት ከሆነ፣ የሚጻፈው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ሰዓት ነው። “ከአዛን በፊት ነው? ከቅዳሴ በኋላ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ስልኩ ላይ የመጨረሻውን ጥሪም እዩ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። 90ኛው ቀን ላይ የሕሙማኑን ሁኔታ በስልክ ብንጠይቅስ?

መልስ 3
ይቻላል። ደዋዩ የትኛው ሕክምና እንደተሰጠ የማያውቅ ይሁን፤ ገና ከሰላምታው “ምን እንደተደረገላቸው አይንገሩኝ” ይበል። ከስትሮክ በኋላ ሰው ምን ያህል ራሱን እንደሚችል በነጥብ በሚለካው በራንኪን መለኪያ (ነጥቡ ሲጨምር አቅም ይቀንሳል) 2ን ከ3 የሚለየው የራስን ጉዳይ ያለ ሰው እርዳታ መፈጸም መቻል ነው። እኛ ቤት ደግሞ የታመመ ሰው ውሃ እንኳ አይቀዳም፣ ልጆች ይሽቀዳደማሉ። “አስቤዛ የሚገዛው ማነው?” ብሎ ብቻ 3 መስጠት ስህተት ነው። “ሰው ባይኖር ራሳቸው ገዝተው መመለስ ይችላሉ?” ተብሎ ይጠየቅ። ቀኑንም በሦስት ወር አትቁጠሩ፤ ጳጉሜ መሃል ከገባች 95 ወይም 96 ይሆናል።