ዶሜይን ለምትገዙ፦ ስሙ፣ ጭራው፣ ሻጩ

ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) ከየት ልግዛ፣ ዶት ኮም ይሻላል ወይስ ሌላ የሚል ጥያቄ ስለሚደጋገም የማውቀውን ላስቀምጥ። አብዛኛው ሰው ሻጭ ከመምረጥ ይጀምራል። እኔ ግን መጀመሪያ ስሙ ላይ ተጨነቁ ባይ ነኝ፤ ሻጭ በኋላም ይቀየራል፣ ስም ግን ቢዝነስ ካርድና ኢሜይል ላይ ከገባ ወዲያ መቀየር ፍዳ ነው።

የአጻጻፍ ሕጉ አጭር ነው። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ዳሽ ብቻ። ክፍት ቦታና አንደርስኮር አይገባም። ዳሹም መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ አይሆንም። ከጭራው (ዶት ኮምን ከመሰለው መጨረሻ) በፊት ያለው ስም እስከ 63 ፊደል ይፈቀድለታል፣ ግን ይህን ሁሉ ማን ይጽፍላችኋል? ከ15 በታች ይሁን። ትልቅና ትንሽ ፊደል ለውጥ የለውም። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ከውስጥ በኤክስ፣ ኤንና ሁለት ዳሽ ወደሚጀምር ኮድ ይቀየራል፤ አንዳንድ የኢሜይል ሲስተም ስለማይቀበለው ለዋና አድራሻ አልመክረውም።

ስም ስትመርጡ ለአንድ ሰው በስልክ ንገሩትና ይጻፈው። «መሀል ላይ ዳሽ አለው፣ ሁለቱ በቁጥር ነው» ማለት ከጀመራችሁ ሌላ ፈልጉ። የአማርኛ ስም በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል፤ «ቀ»ን አንዱ በኬ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኪው። አቅም ካለ ሁለቱንም ገዝቶ አንዱን ወደ ሌላው ማዞር ነው። ቃላቱ ሲጣበቁ ያልታሰበ ነገር እንዳያስነብቡም እዩት (ስንቱ ኋላ ነው የሚነቃው!)። የታወቀ የንግድ ምልክት ያለበትን ስም ግን አትንኩ፣ ባለቤቱ አቤት ብሎ ሊነጥቃችሁ ይችላል።

ጭራን በተመለከተ ምርጫዬ ዶት ኮም ነው፤ ከ1985 ጀምሮ ስላለ ሰው ሳያስብ የሚጽፈው እሱን ነው። ዶት ኮሙን ሌላ ሰው ይዞት ዶት ኔቱን ብትገዙ ግማሹን ጎብኚ ለዚያ ሰው እየላካችሁ ነው። ዶት ኦርግ ለማኅበር ያምራል። ባለሁለት ፊደሎቹ የአገር ወይም የግዛት ናቸው፦ ዶት ኤአይ የአንጉዊላ፣ ዶት ቲቪ የቱቫሉ። ስለዚህ ደንባቸውን ቀድማችሁ አንብቡ። ዶት አፕና ዶት ዴቭ ያለ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ብራውዘር ላይ አይከፈቱም።

ከሻጮች ክላውድፍሌር ትርፍ ሳይጨምር በመነሻ ዋጋው ይሸጣል፣ ግን የራሱን ኔምሰርቨር (ዶሜይኑ የት እንደሚመራ የሚናገረውን ሰርቨር) መጠቀም ግዴታ ነው። ይህ ካልተመቻችሁ ኔምቺፕ ወይም ፖርክበን፤ ሁለቱም የግል መረጃችሁን ማንም ከሚያየው የዶሜይን መዝገብ ላይ በነጻ ይደብቃሉ። የትም ብትገዙ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ አያታልላችሁ፣ የማደሻውን ዋጋ እዩ። ዶሜይኑ ደግሞ ዌብሳይቱን በሚሠራላችሁ ልጅ ሳይሆን በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይመዝገብ፤ ልጁ ስልክ ማንሳት ያቆመ ቀን ማን እንደሚያድሰው አስቡት።