የክፍል ኃላፊዎቹን ይዤ ለውጡን እንዴት ላስኬደው?

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ድርጅት ሥራው በየክፍሉ መከፋፈሉ ቀርቶ ከተለያዩ ክፍሎች በተውጣጡ ቡድኖች እንዲሠራ ተወስኗል፤ ሽግግሩን የማስተባብረው እኔ ነኝ። የበላይ አመራሩ ይደግፋል፣ ሠራተኛውም ሠልጥኗል። የተቸገርኩት መሃል ላይ ባሉት የክፍል ኃላፊዎች ነው። ስብሰባ ላይ "እሺ" ይላሉ፤ ቢሮ ሲገቡ ግን ሥራ የሚያከፋፍሉት በድሮው መንገድ ነው። አዲሱ ሲስተም እያለ የየራሳቸውን ኤክሴል ይይዛሉ።

እውነት ለመናገር አልፈርድባቸውም። አፈጻጸማቸው አሁንም የሚመዘነው በክፍላቸው ውጤት ነው፤ ቡድኖቹ ሲጠናከሩ የእነሱ ድርሻ ምን እንደሚሆን የነገራቸውም የለም። የሰው ኃይል ክፍሉ ደግሞ መመዘኛው የሚቀየረው በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ነው ይላል።

እስከዚያ የድሮውን አሠራር ቁርጥ አድርጌ ልዝጋው ወይስ ፈቃደኛ በሆነ አንድ ክፍል ልጀምር? ሥልጣኑ የሚቀንስበትን ኃላፊ ፊት ለፊት ያነጋገራችሁ ካላችሁ፣ ምን ብላችሁ ጀመራችሁ?