ከእህቴ ጋር አንድ ጠበቃ ብናቆም ያዋጣናል?

አባታችን ሁለት ኑዛዜዎችን ትተው አርፈዋል። በእጃቸው የጻፉት የመጀመሪያው ቤቱን ለእህቴ፣ በባንክ ያለውን ገንዘብ ለእኔ ይሰጣል፤ በጠና ታመው ሳሉ የፈረሙበት ሁለተኛው ግን ሁሉንም ለታላቅ ወንድማችን ያወርሳል። እኔና እህቴ ሁለተኛውን ለመቃወም ተስማምተን፣ የአባታችንን የሕክምና ማስረጃ ይዘን ሁለት ጠበቆችን አነጋገርን። አንደኛው ያንኑ ኑዛዜ ያዘጋጀው ራሱ መሆኑን የነገረን ጉዳያችንን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ምስክር ሆኖ ሊጠራ ስለሚችል ተውነው። ሌላዋ ከምናገኘው ድርሻ በመቶኛ እየታሰበ ተከፍሏት ሁለታችንንም ልትወክል ፈቃደኛ ናት። ሆኖም ሁለተኛው ኑዛዜ ከፈረሰ በኋላ እህቴ የመጀመሪያው እንዲጸና ስትፈልግ፣ ቤቱ ከገንዘቡ እጅግ ስለሚበልጥ ለእኔ የሚሻለኝ ውርሱ እኩል ቢከፈል ነው። ታዲያ ከአሁኑ የየራሳችንን ጠበቃ እናቁም ወይስ ሁለተኛው ኑዛዜ እስኪፈርስ ብቻ የሚቆይ የጋራ ውክልና ብንሰጣት በኋላ አያጣላንም?