ለ32 ጫማ ጀልባ፦ ሁለት 300 ወይስ ሁለት 450?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ ማያሚ ነው ያለሁት። 32 ጫማ ፈጣን ጀልባ ልገዛ ነው። ሁለት ባለ 300 የፈረስ ጉልበት ሞተር አላት፣ በሰዓት 60 ማይል ትሄዳለች። ወደ ቢሚኒ (የባሃማስ ደሴት) ቶሎ መሻገር ስለምፈልግ በሁለት ሜርኩሪ ሬሲንግ 450 አር፣ ማለትም ባለ 450 የፈረስ ጉልበት ሞተሮች፣ ልቀይራቸው አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ 1፦
ጉልበቱ በግማሽ ሲጨምር ፍጥነቱ በግማሽ አይጨምርም። እንዲህ ያለ ጀልባ ፍጥነቱ የሚያድገው በጉልበቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ ስለዚህ 600ው 900 ቢሆን፣ ክብደቱ ባይቀየር እንኳ፣ 73 ማይል ገደማ ብትደርስ ነው። አንዱ 450 አር ደግሞ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ያውም ጀልባዋ ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል። ቤንዚኑን አስብ፦ በሙሉ ፍጥነት ሁለቱ በሰዓት ወደ 90 ጋሎን ይጠጣሉ።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጀልባዋን የሠራውን ፋብሪካ ስንት ፈረስ ጉልበት እንደምትችል ጠይቅ። የአሜሪካ ሕግ የጉልበት ጣሪያ የሚገልጽ ሰሌዳ የሚያስገድደው ከ20 ጫማ በታች ለሆኑት ስለሆነ፣ ያንተ ላይ ላታገኘው ትችላለህ። ደግሞ በመንገድህ ላይ ያለው ገልፍ ስትሪም የሚባለው የውቅያኖስ ጅረት ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው፤ ከሰሜን የሚመጣ ንፋስ ሲገጥመው ማዕበሉ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ያኔ 900 ፈረስ ጉልበት ቢኖርህም ፍጥነት መቀነስህ አይቀርም።

መልስ 3፦
ሞተር ከመቀየርህ በፊት ፕሮፔለሩን እይ። ታንኩን ሙላ፣ ሰው ጫን፣ ሙሉ ነዳጅ ስጥና የሞተሩን ዙር በደቂቃ ተመልከት። ፋብሪካው ከጻፈው በታች ከሆነ የፕሮፔለሩ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት) በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።