የካፌ ፖርታፊልተር ለቤት ጋጂያ ይሆናል ወይ?

ጠያቂ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ ከጣሊያን የላከልኝ ጋጂያ ክላሲክ የሚባል የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን አለኝ። ባለፈው ወር ከገርጂ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ፖርታፊልተሩ ጠፋብኝ። ቡናው የሚሞላበትን ባለ እጀታውን ዕቃ ማለቴ ነው። ያለ እሱ ማሽኑ ጌጥ ብቻ ሆኗል።

ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ወርጄ አንድ አገኘሁ። ከአሮጌ የካፌ ማሽን የወጣ፣ ከባድ ናስ ነው። ሻጩ «58 ሚሊ ነው፤ ያንቺም 58 ነው፤ ይገባል» አለኝ። 58 መሆኑ እውነት ነው፣ ለክቼዋለሁ። ግን ማሽኑ ላይ ሳስገባው ትንሽ ይዞርና ቀጥ ይላል። እጀታው ወደ ግራ እንደሆነ ይቀራል። ውሃ ስለቅበት በጎን ያፈሳል።

ጆሮዎቹን፣ ከጎኑ ወጣ ብለው ማሽኑ ላይ የሚቆልፉትን፣ ቶርኖ ቤት ባስሞርዳቸውስ? ወይስ ከሌላ ማሽን ልዋስ? ጎረቤቴ ዴሎንጊ ዴዲካ አላት። ለገጣፎ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሴጅ ባምቢኖ አላት። ሁለቱም አይከለክሉኝም። እሁድ እንግዳ አለብኝ፣ እባካችሁ።

ከሱሉልታ፦

እህቴ፣ የጎረቤትሽንና የአክስትሽን ልጅ ተያቸው። ዴዲካ 51 ሚሊ ነው፣ ባምቢኖ 54 ሚሊ ነው። ሁለቱም ባለ ሦስት ጆሮ ናቸው፤ ያንቺ ማሽን የሚቀበለው ሁለት ጆሮ ነው። በግድ ብታስገቢው የእነሱንም ታበላሺያለሽ።

ሻጩም አልዋሸሽም፤ ግን 58 የባስኬቱ፣ የወንፊቱ ልክ ነው። ማሽኑ ላይ የሚቆልፈው ወንፊቱ አይደለም፣ ጆሮው ነው። የጆሮውን ውፍረትና ርዝመት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ልክ ይሠራዋል። እኔም ከዓመታት በፊት በዚሁ ተሸውጃለሁ። ሌሊት አና (Lelit Anna) የሚባል ማሽን ነበረኝ። 58 ገዝቼ መጣሁ፣ ማሽኑ ለካ 57 ነው። የአንድ ሚሊ ልዩነት በዓይን አይታይም። ካሊፐር፣ ሚሊ የሚለካውን መሣሪያ፣ ሳትይዢ አትግዢ።

የቶርኖ ልጅ፣ ከቃሊቲ፦

እኔ ሥራዬ ይኸው ስለሆነ ስለ ማስሞረዱ ልናገር። አታድርጊው።

ኤስፕሬሶ የሚወጣው በ9 ባር ገደማ ነው። ይህ ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ከ9 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ግፊት አለ። 58 ሚሊ ስፋት ያለው ክብ 26 ስኩዌር ሴንቲሜትር ያልፋል። ስታባዢው 240 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ሁለት ኩንታል ጤፍና ግማሽ ኩንታል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጭነት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚያ ሁለት ጆሮዎች ብቻ ናቸው። ላይ ያለው ውሃ ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። ጆሮው ቢያመልጥ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ነው የሚጎዳው። ልጆች ካሉሽ ይበልጥ አስቢበት።

ሌላው፣ ሁለቱ ጆሮዎች በትክክል እኩል ካልተሞረዱ ጭነቱ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ጎሚኒውም፣ ውሃ እንዳያፈስ ማሽኑ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት፣ በአንድ ወገን ብቻ ይጫናል። ስለዚህ ተሞርዶም ያፈሳል። በሞረድ የሠራልሽ ሰው እኩል አደረግኩት ቢልሽም አትመኚው።

ይልቅ ሦስት ነገር ለኪ። ከጆሮ ጫፍ እስከ ጆሮ ጫፍ ያለውን ስፋት፣ የጆሮውን ውፍረት፣ ከአፉ ጠርዝ እስከ ጆሮው ያለውን ከፍታ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሦስተኛውን ነው። ያንን ጋጂያ ካለው ሰው ጋር አስተያዪው።

ባሪስታዋ፣ ከአያት፦

ወንድሜ ያለው ትክክል ነው። ግን ከመለካቱ በፊት ጎሚኒውን እይው የኔ እመቤት። አሮጌ ጎሚኒ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ሲጫኑት እሺ አይልም። ላዩ ላይ የቡና ዝቃጭ ከጋገረበት ደግሞ ትክክለኛው ፖርታፊልተር እንኳ መሃል ሳይደርስ ይቆማል። በቀጭን ካቻቪቴ ቀስ ብለሽ አውጪው፣ ቦታውን በብሩሽ አጽጂ። አዲስ ስትገዢ ውፍረቱን ጠይቂ። ለካፌ ማሽኖች 8 ሚሊም፣ 8 ተኩልም፣ 9 ሚሊም አለ። ሲሊኮን ካገኘሽ ከጥቁሩ ጎማ ይለሰልሳል።

እኛ ጋ እንዲህ ነው የምናየው፦ እጀታው መሃል ሳይደርስ ግራ ላይ ከቆመ፣ ወይ ጆሮው ወፍራም ነው ወይ ጎሚኒው ወፍራም ነው። መሃሉን አልፎ ወደ ቀኝ ከሄደ፣ ጆሮው ቀጭን ነው ወይ ጎሚኒው አልቋል። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ የያዘ መስሎ ሊለቅ ይችላል።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጎሚኒውን አውጥቼ አጸዳሁት። በእርግጥም ደርቆ ነበር፤ አዲስ ገጠምኩ። እጀታው ከበፊቱ ትንሽ ተሻለ እንጂ መሃል አልደረሰም። ከዚያ ቱሉ ዲምቱ ጋጂያ ያለው ሰው አግኝቼ ካሊፐር ይዤ ሄድኩ። የኔው ጆሮ ከእሱ በ1 ሚሊ ተኩል ይወፍራል። ስለዚህ ማስሞረዱን ትቼዋለሁ። ወንድሜ ትክክለኛውን የጋጂያ ፖርታፊልተር በሰው ሊልክልኝ ነው። ገንዘቤ ግን ያሳዝነኛል።

ባሪስታዋ፣ ከአያት፦

ገንዘብሽ አልጠፋም። ባስኬቱን አውጪው! 58 ባስኬት ከካፌ ማሽን ወጥቶ ጋጂያ ላይም፣ ራንቺሊዮ ሲልቪያ ላይም ይገባል። የሚዛወረው እሱ ነው። ወንድምሽ የሚልከው ከመጣ በኋላ ውስጡ ባስኬት ካለ አውልቀሽ ይህንን አስገቢበት። ባስኬቱን የሚይዘው ሽቦ ከላላ በእጅሽ ትንሽ ዘርጊው፣ አለዚያ ዝቃጩን ስትደፊ ባስኬቱ አብሮ ይወድቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ባስኬቱ ጥልቅ ከሆነ የፖርታፊልተሩን ታች እንዳይነካ እይ። የካፌው ባለ ሁለት ሲኒ ከሆነ ከ14 እስከ 18 ግራም ቡና ይይዛል፣ ስለዚህ ሚዛን ያስፈልግሻል።

አዲሱን ስትሞክሪም መጀመሪያ ያለ ቡና ውሃ ብቻ ልቀቂ። ከዚያ በቡና፣ ጎን ላይ ቆመሽ።

ከለቡ፦

ይቅርታ፣ በዚሁ ላይ ልጠይቅ። የኔ ዴዲካ ነው። የሌላ ዴሎንጊ ፖርታፊልተር በርካሽ አግኝቻለሁ። ኩባንያው አንድ ነው፣ ሁለቱም 51 ናቸው። ይሆናል?

ከሱሉልታ፦

ጆሮውን ቁጠር ወንድሜ። ዴሎንጊ ባለ ሁለትም ባለ ሦስትም ጆሮ አለው። ሁለት ከሆነ አትግዛው። ሦስት ከሆነም ማሽንህን ይዘህ ሄደህ ሞክረው እንጂ በፎቶ አትግዛ።

የቶርኖ ልጅ፣ ከቃሊቲ፦

እህቴ፣ ባስኬቱን ካወጣሽ በኋላ ናሱን እንዳትጥዪው። የተሰበረ የካፌ እጀታ የሚያመጡልኝ ደንበኞች አሉ፤ ጥሩ ዋጋ ይከፍሉሻል።

ጠያቂ፦

ቅዳሜ አመጣልሃለሁ። እሁድ ለእንግዶቹ በጀበና አፈላለሁ።